አሥራ ሁለትን ደጅ ያስቀረው አስተማሪ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ከኮተቤ መንገድ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ያኔ በሰፈራችን መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋል፤ ሲጠፋ የፊተኛዋን ክፍል የተከራዩት ጋሼ መኮንን የከሰል ማንደጃቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይወጣሉ፤ ፋኖሱን ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፤ እኔና ታናሽ እህቴ ምሕረት ደግሞ ሳንጠራ ሄደን አጠገባቸው ቁጭ እንላለን። ከሰሉ እስኪያያዝ የሚማግዱት ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለን ነበር። ራት እስኪደርስ ተረት ይነግሩናል።

ጋሼ መኮንን ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ተረታቸው ውስጥ ጅብም ቀበሮም የለም፤ ሰዎቹ ሁሉ ቁጥሮች ናቸው። ከሁሉ የምንወደው የአሥራ ሁለትን ቤት ነበር።

አሥራ ሁለት ሁለት ክፍል ያለው ቤት ሠራ። በአንደኛው ክፍል አካፋዮቹ ይቀመጣሉ፤ አሥራ ሁለትን እኩል ተካፍለው ምንም የማያስተርፉት ማለት ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት። በሁለተኛው ክፍል ብዜቶቹ አሉ፤ ሃያ አራት፣ ሠላሳ ስድስት፣ አርባ ስምንት፤ እነሱ ስለማያልቁ ያ ክፍል የኋላ ግድግዳ የለውም። ባለቤቱ አሥራ ሁለት ሁለቱም ክፍል ውስጥ የራሱ ወንበር አለው። አንድ ቀን ግን አንድ አስተማሪ በር ላይ ቆመ። አሥራ ሁለት ዝናብ ሲመታው ሮጦ መጣ።

«ወዴት ነው?» አለው አስተማሪው።

«ወደ ቤቴ።»

«አካፋይ ከቁጥሩ ያንሳል፤ ብዜት ከቁጥሩ ይበልጣል። አንተ እኩል ነህ። ዞር በል!»

ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ደጅ ዝናብ ሲወርድበት አደረ። እዚህ ላይ ጋሼ መኮንን ዝም ብለው ይጠብቁናል። ያኔ ምሕረት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ደደብ አስተማሪ!» ትላለች፤ እኔም «ደንቆሮ!» እላለሁ፤ እሳቸውም በፍሙ ብርሃን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አብረውን ይስቃሉ። ስንት ጊዜ እንደሰማነው አላውቅም። አንድም ቀን ሳንሳደብ አላለፍነውም።

ስድስተኛ ክፍል ስደርስ የዓመቱን መጨረሻ የሒሳብ ፈተና ተፈተንን። በሁለት ትምህርት ወድቄ ስለነበር ሒሳብ ሦስተኛ ከሆነ ክፍል መድገሜ ነው። ወረቀቱ ሲመለስልን ከመቶ አርባ ዘጠኝ ይላል። ቶሎ ብዬ ስህተቶቼን ፈለግሁ። «የ18ን አካፋዮች በሙሉ፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብዜቶች ጻፉ» የሚል ጥያቄ ነበር። አካፋዮቹን 1፣ 2፣ 3፣ 6፣ 9፣ 18 ብዬ፣ ብዜቶቹን 18፣ 36፣ 54 ብዬ ጽፌአለሁ። ሁለቱም ላይ ቀይ ኤክስ አለ።

«ቲቸር፣ 18 እኮ የቤቱ ባለቤት ነው!» አልኩ ብድግ ብዬ።

«የግል ነው የቀበሌ ቤት?» አለ ከኋላዬ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ።

መምህራችን ከኮሌጅ የወጣ ገና ዓመቱ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። «አካፋይ ከቁጥሩ ያንሳል፤ ብዜት ከቁጥሩ ይበልጣል። ቁጭ በል» አለኝ።

ያ የተረት አስተማሪ ከፊቴ ቆሞ የሚናገር መሰለኝ።

ማታ ለጋሼ መኮንን ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ወረቀቴን ተቀብለው መልሶቼን አዩ። «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ።

በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አሮጌ ወረቀት ይዘው መጡና አብረን ዳገቱን ወጣን። የመምህራን ክፍል ስንገባ መምህሩ ከመቀመጫው ተነሣላቸው። እሳቸው ሳይቀመጡ ጠየቁት።

«ልጄ፣ አሥራ ስምንት ለአሥራ ስምንት ሲካፈል ስንት ይተርፋል?»

«ምንም።»

«አሥራ ስምንት በአንድ ሲባዛስ?»

«ራሱን፤ አሥራ ስምንት» አለ መምህሩ። ጋሼ መኮንን ላስቲኩን ፈትተው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የቆየ የፈተና ወረቀት ነው። 12 ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ ሁለቱም ላይ ቀይ ኤክስ አለ፤ በኤክሱ ላይ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ የራይት ምልክት ተደርጎበታል። «ያረምኩት እኔ ነኝ። ኤክሱም የኔ ነው፤ ራይቱም የኔ ነው፤ በመካከላቸው ግን አንድ ዓመት አለ» አሉ።

እኔ ከጎናቸው ቆሜ ከላይ የተጻፈውን ስም አነበብኩ። ሳባ መኮንን፣ 6ኛ ለ።

«ጋሼ፣ ሳባ ማናት?» አልኩ።

«ልጄ ነበረች።»

ስንት ዓመት አብረናቸው ኖረን ልጅ እንደነበራቸው አናውቅም። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው፤ ከዚያ የክፍሉን ወረቀት በሙሉ አምጥቶ እንደገና ማረም ጀመረ። እኔ አለፍኩ። ደስታው ግን አልተሰማኝም።

ስንመለስ በባሕር ዛፎቹ መካከል ቀስ ብለው እየወረዱ ነገሩኝ። ሳባ በዚያ ነጥብ ወድቃ ክፍሉን ደገመች። «ተከራክራኝ ነበር፤ የአስተማሪ ልጅ ሆነሽ ታሳፍሪኛለሽ ብዬ አፏን አስያዝኳት» አሉ። በደገመችበት ዓመት አጋማሽ ታመመች፤ ብዙም አልቆየች። ወረቀቱን ያገኙት ከአርባዋ በኋላ ደብተሮቿን ሲሰበስቡ ነው።

በዚያ በረንዳ ላይ ደደብ፣ ደንቆሮ እያልን የሳቅንበት ሰው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በሳምንቱ መብራት ጠፋ። ለምሕረት ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላወቅሁም። ጋሼ መኮንን ያንኑ ተረት ጀመሩ። እዚያ ቦታ ሲደርሱ እንደ ወትሮው ዝም ብለው ጠበቁን። ምሕረት ብድግ ብላ ተሳደበች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል እሳቸው ይስቃሉ፤ ከምሕረት ጋር፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ለብዙ ዓመታት ራሳቸውን የሚቀጡ ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ እንደዚያ አይመስለኝም። ባለፈው ክረምት የአራት ዓመት ልጄን ቀብሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ እሱ ሊያወራኝ ሲጀምር ወሬ እቀይራለሁ፤ ሚስቴ ስሙን ስትጠራ ተነሥቼ ከቤት እወጣለሁ። ብቻዋን ታለቅሳለች። ጋሼ መኮንን ግን በየሳምንቱ የሰው ልጆች ሰብስበው፣ በራሳቸው ላይ እያሳቁ፣ ልጃቸው ትክክል እንደነበረች ይናገሩ ነበር። እንዴት እንደቻሉት አላውቅም። ዛሬ በሕይወት የሉም እንጂ እጠይቃቸው ነበር።

ይህን ለሚስቴ ላነብላት አስቤአለሁ። የልጄ ስም ናሆም ነው።