ግማሽ ፊት፣ ሙሉ ዱባ

ሕመሙ የጀመረኝ ሻይ ስጠጣ ነው። አስፋልቱ ዳር ያለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ስጎነጭ፣ ሻዩ በግራ ከንፈሬ ጥግ ወጥቶ ሸሚዜ ላይ ወረደ። ብርጭቆው የተሰነጠቀ መስሎኝ አስቀየርኩ። እሱም አፈሰሰ። እንደገና ላስቀይር ስል አስተናጋጇ ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ ብርጭቆው ምንም አልሆነም፤ አፍዎ ነው" አለችኝ።

በዋዜማው ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ሲጠዘጥዘኝ ውሎ ነበር። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ሲበረታ ቬንትሌተሩን ፊቴ ላይ ደግኜ ስለምተኛ፣ ብርድ መትቶኝ ነው ብዬ ንቄው ነበር።

ቤቴ ገባሁ። መስታወት አየሁ። ግራ ፊቴ ወርዷል። ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ቀኙ ፈገግ አለ። ግራው ዝም አለ። ዓይኖቼን ጨፈንኩ። ግራው አልተከደነም። ስትሮክ ነው አልኩ። አባቴን የወሰደው እሱ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

ስሜ ክፍሌ ይባላል። የሽንኩርት ደላላ ነኝ። በቀወት ገበሬዎችና ከአዲስ አበባ መኪና ይዘው በሚመጡ ነጋዴዎች መካከል ቆሜ ዋጋ አስማማለሁ፤ እንጀራዬ አፌ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቴ አስካለ በዚያ ሰሞን አጣዬ ነበረች። ልጃችን ሰላም ከባሏ ጋር፣ ከተማዋ ከተቃጠለች በኋላ እንደገና በሠሩት ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ፣ አስካለ አራሷን ልትንከባከብ ሄዳለች። ስልኩን አንስቼ ልደውልላት ብዬ ተውኩት። የልጃችን ቤት ስንት መከራ አይቶ ገና ደስታ ገባበት፤ እኔ ደግሞ ግማሽ ፊቴን ልልክበት አልፈለግሁም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ ዳቦ ቤት አላት። ሰው ፈልጌ ወደ እሷ ሄድኩ። ገና ስታየኝ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠችና፣ "ቢስሚላህ! ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ወጣች። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ሥር እስክትይዝልኝ ድረስ ዳቦ ሊገዛ የቆመው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ነፋስ ነው አለ። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ፣ "በሌላኛው ጉንጩ ጥሩ ጥፊ ቢቀምስ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አይቻለሁ" ብሎ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ።

እትዬ ዘሐራ መካከላችን ገባች። "እጅህን ለመሪህ አድርገውና ሐኪም ቤት አድርሰው" አለችው። "ዳማከሴውን በመንገድ ያሸታል።"

የመረመረችኝ ወጣት ዶክተር ናት። ሁለት እጆቼን ወደ ፊት አዘረጋችኝ። ጣቶቿን አስጨበጠችኝ። ቀጥ ብዬ እንድሄድ አደረገች። ግፊቴንና ስኳሬን ለካች። ከዚያ፣ "ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱልኝ" አለች። ቀኙ ተነሣ። "ጉንጭዎን ይንፉ።" አየሩ በግራ አመለጠኝ። "ፉጨት ይችላሉ?" በወጣትነቴ የታወቅሁበት ነው ልል ብዬ ስሞክር ነፋስ ብቻ ወጣ።

"ዶክተር፣ ስትሮክ ነው?" አልኳት።

"አይደለም። ስትሮክ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ግንባርዎ መሸብሸብ አይተውም ነበር። የእርስዎ ግራ ግንባር ጭምር አይንቀሳቀስም። እጅና እግርዎም ደህና ነው። ይህ ቤልስ ፓልሲ ይባላል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አብጦ ነው።"

"ይድናል?"

"አብዛኛው ሰው ይድናል። ቶሎ መምጣትዎ ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።"

ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚቀንስ ክኒን አዘዘችልኝ። ለማይከደነው ዓይኔ ደግሞ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባል ጠብታ፣ ስተኛ የምቀባው ቅባትና ሽፋሽፍቴን የምለጥፍበት ፕላስተር። "ፊትዎ ይመለሳል፤ ዓይንዎ ደርቆ ከቆሰለ ግን ላይመለስ ይችላል" አለችኝ። "ለስላሳ ነገር ይብሉ፤ በቀኝ ያላምጡ፤ ከበሉ በኋላ ግራ ጉንጭዎን በጣትዎ ይፈትሹ።" ዕድሜዬን ሙሉ ሳላለቅስ ኖሬ እንባ ከፋርማሲ ገዝቼ ወጣሁ።

ያን ቀን ሲመሽ አስካለ ደወለች። ያላወቅሁት ነገር፣ ከንፈር ካልገጠመ በ እና መ አይወጡም። "ምሳ በልቻለሁ" ልላት ፈልጌ ከአፌ የወጣው "ንሳ ወልቻለሁ" ነው።

"ጠጥተሃል?" አለችኝ።

"አልጠጣሁን" አልኩ። መሐላ ልጨምር አሰብኩና ማርያም የሚለው ስም በ"መ" መጀመሩ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ስትደውል ከ"እሺ" ሌላ ቃል አልተነፍስም ነበር። በትዳራችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ስምምነት ታይቶ አይታወቅም፤ ይህም ጥርጣሬዋን አባሰው።

ከሕመሙ የባሰብኝ ረኃቡ ነበር። ፕሬድኒሶሎን ሆድ ይከፍታል። እበላለሁ እንዳልል ደግሞ ሽሮው በከንፈሬ ጥግ ይወርዳል፣ እንጀራው ጉንጬና ድዴ መካከል ይወተፋል፣ ገንፎው ሰለቸኝ። ጓዳ ውስጥ ስፈልግ አስካለ ገዝታ ያስቀመጠችውን ትልቅ ዱባ አገኘሁ፤ አጠገቡም አንድ ቋጠሮ ሽምብራ። ምግብ ሠርቼ አላውቅም። ዱባውን አቅፌ ወደ እትዬ ዘሐራ ሄድኩ።

"ወጥ ልሥራልህ?" አለችኝ።

"ወጥ ይፈስብኛል።"

አሰበች። "ዳቦው ከወጣ በኋላ ምድጃው ግለቱን አይለቅም። እዚያ እንጥበሰው። ይለሰልሳል፣ ግን አይፈስም።" ቢላውን ለእኔ ሰጠችኝ። "አንተ ቁረጥ፤ እጅህ አልታመመም።"

ዱባ መቁረጥ ሽንኩርት ከመሸጥ ይከብዳል። ቢላው ገብቶ እምቢ ሲለኝ፣ ዱባውን ከነቢላው አንሥቼ መሬት መታሁት። ከዚያ በኋላ ገር ሆነ። ፍሬውን አውጥቼ፣ ከነልጣጩ እንደ ግማሽ ጨረቃ ቆርጬ፣ ዘይት ቀብቼ ከሽምብራው ጋር በዳቦው ትሪ ላይ ዘረጋሁ። ከሙን፣ ድንብላል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፤ ያለውን ሁሉ ነሰነስኩ። በርበሬም ጨመርኩ። ቀመስኩና አሁንም ጨመርኩ፤ የአልጫ ያህል እንኳ አልጣመኝም ነበርና።

ሲወጣ ሽታው መንገድ ድረስ ደረሰ። ዱባው ጠርዙ ጠቁሮ ውስጡ ቅቤ ሆኗል። በግራ ጎረስኩት፤ ካርቶን። ወደ ቀኝ ሳዞረው፤ እሳት። ለካ የምላሴ ግራ ወገን ጣዕም አጥቶ ኖሯል። ዶክተሯ ኋላ ስነግራት፣ ያው ነርቭ የጣዕሙንም ክር እንደሚይዝ አስረዳችኝ። ያኔ ግን የማውቀው፣ በአንድ አፍ ውስጥ አንዱ ወገን ሲቃጠል ሌላው ዜናው እንዳልደረሰው ብቻ ነው። ሽምብራው ደግሞ የባሰ ነበር። ሳይነከር ሳይቀቀል ምድጃ ስለገባ ጠጠር ሆኗል። እትዬ ዘሐራ አንዷን ፍሬ ነክሳ አወጣችና፣ "አላህ አፊያህን ይመልስልህ፤ ያለህንም ጥርስ ያቆይልህ" አለች። ያን ሌሊት ሌላ ነክሬ አሳደርኩና በማግስቱ ቀቅዬ፣ ውኃውን አጥልዬ ጠበስኩት። ቀምሳ ራሷን ነቀነቀች፤ ምስጋና መሆኑ ነው።

ሥራ መተው ስለማልችል ገበያ ወጣሁ። የደላላ ዓይን ደግሞ ቋንቋ አለው። አንድ ዓይን ከተጠቀሰ፣ ገበሬው "ቆይ፣ አትሽጥ" ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። እኔ ዓይኔን ባርገበገብኩ ቁጥር የሚከደነው ቀኙ ብቻ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ጋሽ በየነ የሚባሉ ገበሬ የሽንኩርታቸውን ዋጋ ሊጨርሱ ሲሉ ወደ እኔ ያያሉ፤ ይመለከቱኝና "አልሸጥም" ይላሉ። ነጋዴው ይጨምራል። ያዩኛል፤ "አልሸጥም።" ነጋዴው ላብ በላብ ሆነ። ጠጋ አልኩና፣ "ጋሽ በየነ፣ ምን ሆነዋል? ጥሩ ዋጋ ነው" አልኳቸው፤ ብቻ እንዲህ ስል ከጉንጬ ውስጥ አንድ የተጠበሰ ሽምብራ ወጥቶ በሁለቱ ሰዎች መካከል መሬት ላይ ወደቀ። ጠዋት የበላሁት ነው። ሦስታችንም አየነው። ነጋዴው እኔንም ሽምብራውንም ተራ በተራ አየና፣ "እሺ፣ በቃ፣ እንዳልከው ይሁን" ብሎ ጨመረ። ምን እንደመሰለው እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር መነጽር አድርጌ ዋልኩ፤ ጉንጬንም ሳልፈትሽ ከቤት አልወጣሁም።

አስካለ ስትደውል አንድ ቀን ዳቦ ቤት ምድጃው ፊት ነበርኩ።

"የት ነህ?"

"እትዬ ዘሐራ ጋ።"

"ምን ትሠራለህ?"

ዱባ እየጠበስኩ ነው ልል ነበር። አፌ ግን "ዱዋ" አለ።

"ዱዓ?" ድምፅዋ ተለወጠ። "ዱዓ እያስደረግህ ነው? ምን ሆነህ ነው?" መልስ ሳልሰጥ ስልኩ ተዘጋ። እሷ የሰማችው፣ ያ "እሺ" ብቻ የሚለው ባሏ ለሞት ተቃርቦ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጸልይለት ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከአጣዬ ወረደች።

ዳቦ ቤት ስትገባ ትሪውን ከምድጃ እያወጣሁ ነበር። የምድጃው ግለት እንዳያደርቀው ግራ ዓይኔን በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። አስካለ በሩ ላይ ቆመች። ትሪውን አስቀመጥኩ። ቀረበች። ፊቴን በሁለት እጆቿ ያዘች። ግራው መንቀሳቀስ እንጂ ስሜት አልተነፈገም። የእጆቿ ሙቀት በሁለቱም በኩል ተሰማኝ።

"ሞተህ ቢሆን ማን ይነግረኝ ነበር?"

"እትዬ ዘሐራ" አልኩ።

"ቀልድ አልጠየቅሁህም።"

ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እትዬ ዘሐራ ውኃ አመጣችላት። የዶክተሯን ቃል እኔ ባልተሟላ አፌ፣ እትዬ ዘሐራ በተሟላው አስረዳናት። ስትረጋጋ ትሪውን አየች። "ይህን ማን ሠራው?" አለች። እኔ መሆኔን ስንነግራት አንድ ቁራጭ ወሰደች፣ በላች፣ ሌላም ወሰደች። "በርበሬው ለሁለት ሰው ምላስ ነው" አለች፤ ግን አላቆመችም።

በማግስቱ ወደ አራሷ ስትመለስ ከእኔ ጋር የተስማማነው አንድ ነገር ነው፤ ስልክ ስትደውል፣ ቃሉ እንዴትም ሆኖ ቢወጣ፣ እውነቱን እንድነግራት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ መሻሻል ጀመረ፤ መድኃኒቱን ዶክተሯ እንዳዘዘችው እየቀነስኩ ጨረስኩ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ቅንድብ ማንሣትና ጉንጭ መንፋት፣ "ባ፣ ቡ፣ ቢ" ማለት ሥራዬ ሆነ፣ ዳቦ ሊገዙ የሚመጡት ሰዎችም በመስኮት እየሰሙኝ ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ቤት ውስጥ ያለ መስሏቸው ሲጠያየቁ ሰንብተዋል። መጀመሪያ የተመለሰው ጣዕሙ ነው፤ አንድ ቀን ከዱባው ላይ የከሙን ፍሬ በግራ በኩል ነክሼ፣ ከሙን ከሙን ሲለኝ ማላመጤን አቁሜ ለረጅም ጊዜ አፌ ውስጥ ያዝኩት። ከዚያ የአፍንጫዬ ጫፍ ተንቀጠቀጠ፣ ሽፋሽፍቴ ቀስ በቀስ ወርዶ ዓይኔን መሸፈን ጀመረ፣ የልጅ ልጃችን ክርስትና ሲደርስም ትንሽ ጠመም ባለ ፈገግታ አጣዬ ሄጄ፣ ሰላምን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልኳት፤ በአንዱም "መ" አልተሰናከልኩም።

ይህን የምጽፈው፣ ዛሬ ጠዋት ሻይ ሸሚዙ ላይ ለፈሰሰበት ሰው ነው። ስትሮክ ነው አይደለም የሚለውን አንተ አትወስን፤ ጎረቤትም አይወስን፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂድ። ጥፊ የሚያቀርብልህን አመስግነህ እለፈው። ዓይንህን ከምንም በላይ ጠብቅ። ስኳር ካለብህ ለሐኪሙ ንገር፤ መድኃኒቱ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ዱባና ሽምብራ ጥበስ፤ ሽምብራውን ግን ነክረህ ቀቅል፣ ቅመሙንም ጤነኛ ሰው ይቅመስልህ። ለሚስትህ ደውል። እኔ ዶክተሯን፣ ጥፊውን ከልክላ በእሳቷ ያበላችኝን እትዬ ዘሐራን፣ ከአራስ ቤት ተነሥታ የመጣችልኝን አስካለን አመሰግናለሁ።

ከወራት በኋላ አንድ የሕመሙ ትራፊ መጣብኝ። ጥሩ ነገር ስበላ ግራ ዓይኔ ያነባል። ዶክተሯ አይታኝ፣ "ነርቩ ሲያገግም ወደ ምራቅ መሄድ የነበረበት ክር ወደ እንባ ሄዶ ነው፤ አይጎዳዎትም" አለችኝ። በቅርቡ ሰላም ልጇን ይዛ መጣች። አስካለ ዱባና ሽምብራ አስጠብሳ አቀረበች። ሕፃኑ ጭኔ ላይ ተቀምጦ የለሰለሰውን ዱባ ከጣቴ ይልሳል። እኔም ጎረስኩ። እንባዬ ወረደ።

"አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?" አለች ሰላም ደንግጣ።

"ምንም አይደል፤ ነርቭ ነው" አልኳት።

አስካለ ከማዶ ተቀምጣ ቀኝ ዓይኔን ትመለከት ነበር። "ያኛውስ?" አለች።