የድልድዩ ሞክሼ

በከተማችን ድልድዩም ትምህርት ቤቱም ባራንዲካ ይባላሉ፤ ሠላሳ ዓመት ረግጦ የገዛን ቤተሰብ ስም ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ የማገኛቸው ሽማግሌም ባራንዲካ ናቸው። ዘመድ ግን አይደሉም፤ ቅድመ አያታቸው ለዚያ ቤተሰብ ሸንኮራ ሲቆርጡ የጌቶቹ ስም ተሰጥቷቸው ነው።

ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ የገለባ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ውጡ ቢባሉ ቶሎ ለመነሳት ይመስላል። በአገራችን ሰው በአባቱም በእናቱም ቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው፤ የጣቢያው ነርስ ግን እሳቸውን በእናታቸው ቤተሰብ ስም ብቻ ትጠራቸዋለች። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ያመሰግኗታል።

ዛሬ በእሷ ቦታ የገባችው ነርስ ስሙን ከመዝገቡ ላይ እንዳለ አነበበችው። «ሴኞር ባራንዲካ።»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሽማግሌው ተነሱ፤ መራመድ ግን አቃታቸው። ካፈጠጥንባቸው አንዱ እኔ ነበርኩ።

የባራንዲካ ወታደሮች ባላቸውን ወስደው ያስቀሩባቸው ዶኛ ኤውላሊያ ተራቸውን ከሚጠብቁበት ወንበር ቀና አሉ። «ምን ታፈጡባቸዋላችሁ? ድልድዩን በየቀኑ ትሻገሩት የለ? ይግቡ ወንድሜ፣ ሐኪሙ እየጠበቀዎት ነው።»

ታክመው ሲወጡ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ባርኔጣቸውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉና የዶኛ ኤውላሊያ ተራ እስኪደርስ አጠገባቸው ተቀመጡ።