ለወንድሟም ያልተናገረችው

«የጮቄ ነፋስ ሆይ፣ ቀስ ብለህ እለፍ...»

ሲስተር ሥራነሽ ከዚህ በላይ አታውቀውም። እናቷ ወፍጮ ላይ ሆና ስታንጎራጉር የሰማችው ነው፤ ሁለተኛው ስንኝ ከእናቷ ጋር ሄዷል። ሮብ ገበያ ያለውን የጤና ጣቢያዋን በር በየጧቱ ስትከፍት የመጀመሪያዋን ትልና ቀሪውን አፏን ገጥማ በዜማ ብቻ ትጨርሰዋለች።

አፍ መግጠም ታውቅበታለች። «እሷ ጋ የገባ ነገር ጎተራ አይደለም የገባው፣ ጉድጓድ ነው» ይላል አገሬው። የሥራ ባልደረቦቿንም በቁጣ አትመራም፤ የቆሸሸውን አንሶላ መጀመሪያ የምታነሳው ራሷ ናት። ትምህርቱን ጨርሶ ገና የመጣውን ነርስ አንሙትን ያስለመደችው የመጀመሪያ ነገር መርፌ መውጋት ሳይሆን «ምንህን አመመህ?» ከማለቱ በፊት መጋረጃ መዝጋት ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለችው ሴት በሮብ ተሳሳተች።

የኔአለም የምትባል ልጅ ከሩቅ መንደር ትመጣለች። ከልጅነቷ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ ግን አንድም ቀን አልወደቀችም። ሥራነሽ አዝናላት ቀጠሮዋን በገበያ ቀን አደረገችው፤ ድንቿን ሸጣ፣ መድኃኒቷን ይዛ፣ በአንድ መንገድ እንድትመለስ። ሮብ ግን ወረዳው ሁሉ መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ነው። የሥራነሽ የወንድሟ የፈንታ ሚስት ወረፋ ላይ ቆማ ልጅቷ ኪኒን ስትቀበል አየች። የኔአለም ደግሞ ለፈንታ ልጅ ለመሳፍንት ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ነበረች። በዚያ አገር ቃል ከመታሰሩ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ «የሚጥል አለባቸው ወይ?» ተብሎም ይጠየቃል። አለ ከተባለ ሽማግሌው ያለ ስንብት ይቀራል።

ፈንታ መጀመሪያ አንሙትን ጠየቀ። ልጁ ሽበት አክባሪ ነውና እምቢ ማለት ከብዶት «ሲስተርን ይጠይቁ» ብሎ አመለጠ። ከዚያ እህቱን ቤቱ አስጠራት። ፈንታ ለሥራነሽ ወንድም ብቻ አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ ነርስነት ስትማር ስንቋን ተሸክሞ በእግሩ ያደርስላት የነበረ አባት ነው። ሞሰቡ ቀርቧል። ከመቀመጧ በፊት ጠየቃት።

«እቴ፣ የዚያች ልጅ መድኃኒት የምንድን ነው?»

«እሷን ጠይቃት፣ ጋሼ።»

«የጠየቅሁት አንቺን ነው። የተሸከምኩልሽ ስንቅ ይፋረድሽ።»

ሥራነሽ ስንቁን አልካደችም። «ስንቅህ ነው ነርስ ያደረገኝ። ነርስ የሆንኩት ደግሞ የሰው ገመና ልሸከም ነው። ሕጉም፣ የማልኩትም መሐላ ይይዘኛል።»

ፈንታ የእጅ መታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ ወደ ጎን ገፋው። «እንግዲያው እጅሽን አትታጠቢ» አላት።

ነጠላዋን አጣፍታ ጾሟን ወጣች። መንገድ ላይ አለቀሰች፤ በወንድሟ አልነበረም፣ በሮቡ ጥፋቷ ነው።

በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስባ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ተናገረች። መስኮቱ ተዘጋ። ከእንግዲህ የጉንፋኑም የምኑም መድኃኒት የሚሰጠው ውስጥ ክፍል፣ በር ተዘግቶ ነው፤ ሁሉም ከገባ ማንም አይታወቅም። ጽዳት ሠራተኛዋ «ለጉንፋን እንደ ንስሐ ልንገባ ነው» ብላ አሳቀቻቸው።

የኔአለምንም አስጠርታ ይቅርታ ጠየቀቻት። መታየቷን ነገረቻት፤ መናገሩም ዝም ማለቱም የእሷ መብት እንደሆነ፣ ብትናገር ግን አብራት እንደምትቆም። ልጅቷ «መሳፍንት ሳይሰማ ካገባኝ ዕድሜዬን ስፈራ ልኖር ነው። እኔው እነግረዋለሁ፤ እርስዎ ይምጡልኝ» አለች።

ነገረችው። ሥራነሽም ልጅቷ የፈቀደችላትን ብቻ አስረዳች፦ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ። መሳፍንት ብዙ አልጠየቀም።

«ምናልባት ብትወድቅ፣ እንዴት አድርጌ ልያዛት?»

ሥራነሽ ያን ጊዜ ፈጣሪዋን አመሰገነች። በጎን አስተኝቶ፣ ራሷን ደግፎ፣ አፏ ውስጥ ምንም ሳይከት እንዲጠብቃት አሳየችው።

ልጁ እሷኑ እንደሚያገባ ላባቱ ቁርጡን ተናገረ። ፈንታ መጀመሪያ አኮረፈ፤ ኋላ ግን ራሱ ጤና ጣቢያው ድረስ መጣና መጋረጃውን በእጁ ዘጋ። «ያን ጊዜ ታምሜ በጓሮ በር የመጣሁበትን ነገር፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሚስቴ እንኳ እስከ ዛሬ አልሰማችም። ለእኔ የቆለፍሽውን በር በእሷ ላይ ክፈቺው አልኩሽ። ነይ፣ ቤት እንሂድ።» የመጣበት ነገር ምን እንደነበር ሥራነሽ ታውቃለች። እኛ አንጠይቃትም።

ቤቱ ሞሰቡ እንደገና ቀረበ። ፈንታ ማንቆርቆሪያውን ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። ታላቅ ለታናሽ ሊያስታጥብ ሲጎነበስ ሥራነሽ ደንግጣ ብድግ አለች፤ «ተይ፣ ዘርጊው እጅሽን» አላት። ውሃውን እያፈሰሰ፣ ሰውም ያለ ሳይመስለው፣ ያንጎራጉር ጀመር፦

«የጮቄ ነፋስ ሆይ፣ ቀስ ብለህ እለፍ፣
ያዋየሁህን ቃል በየደጅ አታርግፍ።»

«ታውቀው ኖሯል?» አለች፣ ውሃው ከጣቶቿ እየተንጠባጠበ።

«መች ጠየቅሽኝ?»

ሳቀች፤ ዓይኗም ሞላ። ለእናቷም፣ ለስንቁም፣ ለዚያች ደፋር ልጅም በሆዷ ተመስገን አለች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠችና እንጀራውን ቆረሰች።