ሰፊዋ ሰፋች
ሐኪሙ ውፍረቷ አሳስቧት የመጣችውን፣ ስድሳ ዓመት ያለፋትን ልብስ ሰፊ ሚዛን ላይ እንኳ ሳያወጣ ፈረደባት፦ «ሆዳምነት ነው፤ አፍዎን ይሰብስቡ።» ይህ ምርመራ ሳይሆን ስድብ ነው። እሷ ግን አምናው ቁርስና ምሳ እየዘለለች ትውልና ማታ የድስቱን ግርጌ ትጠርግ ነበር። ወንድሟም «ሰፊዋ ሰፋች!» እያለ ይስቅባት ነበር።

ከውርደቱ የገላገለቻት አንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ሆድ ባዶ ሲውል የረሃብ ሆርሞን ይጮኻል። ጠዋት እንቁላልና ባቄላ ቢበሉ ረገብ ይላል።»

«ታዲያ ያ ሐኪም የሆርሞኑን ኃጢአት እኔ ላይ ነው የለጠፈው?»

ቁርስ ከጀመረች ወዲህ ማታ ድስቱን ራሷ ትከድናለች። ትናንት ወንድሟ ሱሪው አልዘጋ ብሎት ስፌት ቤቷ መጣ። ወገቡን ለካችና ሳቀች።

«ሰፊዋስ እኔ ነኝ፤ የሰፋኸው ግን አንተ ነህ!»