የጉንጭ ቦታ

በቀደም ነቀምት ያለውን የሟች አባቴን ቤት ኮርኒስ ሳስጠርግ አንድ አሮጌ የጠብመንጃ ሰደፍ ከነአቧራው ወደቀ። ወዲያው የኩራዝ ጥላሸት ሸተተኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ የዲጋ ገበሬ፣ ሟች ወንድሙ የዘመተበትን ምንሽር አናጢው አባቴ ዘንድ አመጣ። በቆሎውን ለሚያጠፋበት ከርከሮ ቀለል ያለ የአደን ሰደፍ እንዲሠራለት ፈልጎ ነው። አባቴ ብረቱን ፈትቶ ጥላሸት ይቀባውና ለአዲሱ ሰደፍ ባዘጋጀው የዋንዛ እንጨት ላይ ይጫነዋል። ከዚያ እንጨቱ ላይ የጠቆረውን ብቻ በመሮ ይፍቃል፤ ብረቱ ልክክ ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ።

እኔ የወለቀውን አሮጌ ሰደፍ አነሳሁ። የተኳሹ ጉንጭ ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ጉንጬን ባስጠጋው ሰፋኝ። ከጥላ ውስጥ ያነሳሁት እንጨት ግን ይሞቅ ነበር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አስቀምጪው» አለኝ አባቴ፣ ቀስ ብሎ። «ጌታ ልክሽ አያድርገው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ገበሬው አዲስ ሰደፍ የገባለትን ምንሽር ይዞ ሄደ። አሮጌውን ሰደፍ ቤቱ ማስገባትም ማቃጠልም ፈራ። አባቴም አላቃጠለውም።

ከኮርኒሱ የወደቀውን ሰደፍ አቧራ ጠርጌ ጉንጬን አስጠጋሁ። ዛሬም ይሞቃል። ልኬ ሆኗል።