ክንፍ ያወጣው ምስጥ

ይሄነው በዳንግላ ዙሪያ ብዙ ቤት ያቆመ አናጢ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ሲጠፋ መጋዙንና መዶሻውን ለዘመድ ሰጠና በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ መዋል ጀመረ። ወሬው አነሰ። ሚስቱ ስሜነሽ የገበያውንም የጎረቤቱንም ብታወራው መልሱ አጭር ነው።

አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ ቤት ስትጠርግ፣ ከምሰሶው ሥር ክንፍ ያላቸው ትንንሽ ነፍሳት ሲርመሰመሱ አየች።

«ጉንዳኑ ክንፍ አውጥቷል» አለች።

«ቆይ፣ አትጥረጊው። አንዱን ያዢና እይልኝ። ወገቡ ቀጭን ነው?»

መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃን ወጣች። «የለም፣ ወጥ ነው። ወገብ የሚባል የለውም።»

«ክንፎቹስ? የፊቶቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ?»

«አራቱም እኩል ናቸው።»

«ቀንዱስ እንደ ክርን ይታጠፋል?»

«ቀጥ ያለ ነው።»

ይሄነው፣ «የጉንዳን ወገቡ በክር የታሰረ ይመስላል፤ ቀንዱም እጥፍ ነው። ይሄ ምስጥ ነው፣ ስሜ» አላት።

ማንም ሳይደግፈው ተነሣና ግድግዳውን እየዳበሰ ምሰሶው ጋ ደረሰ። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች በጣቱ አንኳኳ። ታችኛው በኩል እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። በተጋቡ ሰሞን እሱ ራሱ ቆርጦ ያቆመው ምሰሶ ነው። ግንባሩን አስደገፈበት።

«ጥሩ ቤት አልሠራሁልሽም።»

«ልጆቼን ያሳደግሁት እዚሁ ነው» አለች ስሜነሽ። «ክረምት በመጣ ቁጥር ሌላው ቤት ሲያፈስ የኔ ደረቅ ነበር።» እጁን ይዛ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ደርበው ሰው ሰብስቦ መጣ። ጣሪያውን በባላ ደገፉ። አዲሱን ምሰሶ ይሄነው እያንኳኳና እያሸተተ መረጠ፤ ምስጥ እንዳይበላው ግርጌውን የተቃጠለ ዘይት አስቀብቶ ድንጋይ ላይ አስቆመው። ጣሪያው እስኪያርፍበት ድረስ እጁን አላነሣም።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች «ቤታችንን አንኳኩልን» እያሉ ይጠሩታል። ስሜነሽ ክንዱን ይዛ ትወስደዋለች፤ ግድግዳው ሥር ያለው ጉንዳን ይሁን ምስጥ አይታ ትነግረዋለች። ሲመለሱ ስለ እያንዳንዱ እንጨት እያወራላት ይመጣል። ባጃጅ ሲያልፍ ወደ ዳር ትስበዋለች፤ እሱም ወሬውን ሳያቋርጥ ይከተላታል።