የጎጃም ዝናብ በሶባ

የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት፣ ዓባይ ዳር ሶባ በሚባል ሰፈር ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ፣ ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ «ኡስታዝ» ይላቸዋል፤ እኔና ባለቤቴም እንደዚያው። አብረዋቸው የሚኖሩት ባላቸው የሞቱባቸው ታላቅ እኅታቸው ናቸው፤ እሳቸውን «ሐጃ» እንላቸዋለን። ሐጃ ብዙ አይናገሩም። መናገር ቢፈልጉም ወንድማቸው ፋታ አይሰጧቸውም።

የኔ ሥራ በውሃ የሚሠራውን የቤት ማቀዝቀዣ፣ እዚያ «ሙከይፍ» የሚሉትን መጠገን ነበር። ሳጃና በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ሙቀቱ ሲበረታ የማይፈልገኝ ሰው የለም። «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ካልመጣህ ልጆቼ ቀለጡ!» እያለ ሲማጸነኝ የከረመ ደንበኛ ዝናብ ጠብ ሲል መንገድ ላይ ቢያገኘኝ እንኳ ፊቴን ለማስታወስ ይቸገራል። ስለዚህ ኡስታዝ የአየሩ ጠባይና የሰው ጠባይ አይለያዩም ሲሉኝ አልከራከራቸውም። በኑሮዬ አይቼዋለሁ።

ኡስታዝ በዚህ ነገር ላይ የጸና እምነት ነበራቸው። ተፈጥሮ፣ ማኅበረሰብና የሰው ልቡና በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው ይላሉ። አመሻሽ ላይ «አንገረብ» የሚሉትን በገመድ የተጠለፈ አልጋቸውን ደጅ ያወጡና ሻያቸውን ይዘው ያስተምሩናል። ለትምህርቱ ማስረጃ የሚሆኑት ግን ሁልጊዜ እኛ ነን።

«ልብ በል» ይሉኛል። «የእናንተ አገር ገደል ነው። ወንዙ ከገደል ሲወርድ ይቸኩላል፣ ይጮኻል፣ ድንጋይ ይፈነቅላል። ሰዉም እንደ ወንዙ ነው፤ ቶሎ ይቆጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ሜዳ ያገኛል፤ ይሰክናል። ለዚህ ነው ሱዳናዊ የማይቸኩለው።»

ባለቤቴ እቤት ውስጥ ልብስ እየሰፋች ትሰማለች። የስፌት መኪናዋን ታቆምና «ኡስታዝ፣ ጠዋት ጠዋት ሀፍላ አውቶቡስ ላይ ለመሳፈር በክርኑ የሚደቁሰኝ ሰው ታዲያ ከየትኛው ገደል ወርዶ ነው?» ትላቸዋለች።

ኡስታዝ በደስታ ፊታቸው ይበራል። ወደኔ ዞር ብለው «አየህ? ተቆጣች» ይላሉ።

እውነትም ትቆጣ ነበር። ክር ሲበጠስባት ትቆጣለች፤ መብራት ሲጠፋ ትቆጣለች፤ እኔ «ቀስ በይ» ስላት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ኡስታዝ ይህን ሁሉ ከዓባይ ጋር አያይዘው ሲተነትኑ እኔ ሻዬን አቀርቅሬ እጠጣለሁ። ወግኜ የምናገርለት ወገን ጠፍቶኝ ነው።

ክረምት ሲገባ ትምህርቱ ይጠነክራል። ሱዳኖች ወንዙን «ባሕር» ይሉታል፤ የክረምት ሙላቱን «ደሚራ»። ውሃው መቅላት፣ መወፈር፣ ግንድና ቅጠል ይዞ መውረድ ሲጀምር ኡስታዝ በራችንን ያንኳኳሉ።

«ያ ጃሪ፣ ጎረቤቴ! አፈራችሁ ደረሰ!»

አንድ ዓመት ደግሞ ቶሎ ደረሰ። ቀልዱ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ። ሀፍላ መቆሚያው ጋ ሻይ የምትሸጠው ሴት «ምን አስቀየምናችሁ? ትንሽ ቀንሱልን እንጂ» ትለኝ ጀመር። እሷም ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። ሰው ግን አንድ ነገር ደጋግመው ሲነግሩት ሳያውቀው ይቀበላል መሰለኝ፣ ከሥራ ስመለስ በቀጥታ ወደ ቤት መግባት ትቼ ወደ ወንዙ መዞር አመጣሁ። ልጁ ሰፈሩን የሚያስቸግርበት አባት ይመስል ዳር ላይ ቆሜ ውሃውን አየዋለሁ። ትናንት ከነበረበት ከፍ ብሎ ካገኘሁት አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ጎጃም እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«ዝናቡ እንዴት ነው እማዬ?»

«ኧረ ምን እልሃለሁ! ዘንድሮ እግዜር አልጨከነብንም። ቀንም ሌትም ነው የሚጥለው። ጤፉ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ይሞቃል። ባለፈው ዓመት ዝናቡ አጥሮ ምን ያህል እንደተቸገሩ አውቃለሁ። ሶባ ላይ ሰው ዝናቡ ባቆመ እያለ እንደሚለምን እንዴት ብዬ ልንገራት?

«ምነው ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግማሹ ግን ነበር።

ይህን ለኡስታዝ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «ለእናትህ ይዝነብላት እንግዲህ፤ ተርሱን ከፍ እናደርገዋለን» አሉኝ። «ተርስ» የሚሉት በአፈርና በጆንያ የሚሠራውን የወንዝ ዳር መከለያ ነው።

የፍልሰታ ጾም ላይ ሳለን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ጥሪ ተሰማ። «ነፊር! ነፊር!» ይላል። ነፊር ማለት የኛ ደቦ ነው። ወንዱም ሴቱም አካፋና ባዶ ጆንያ እየያዘ ወደ ወንዙ ወረደ። እኔም ወረድኩ። ባለቤቴን እቤት ጠብቂ ብያት ነበር፤ ዞር ስል ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ የጆንያ አፍ በመርፌና በሲባጎ እየሰፋች አየኋት። አጠገቧ የተቀመጡ የሰፈር ሴቶች እንዴት እንደምትፈጥን እያዩ ይገረማሉ። እሷ ግን ቀና አትልም።

ኡስታዝ ተርሱ ላይ ቆመው አመራር ይሰጡ ነበር። ውሃው እየቀረበ ሲመጣ አመራሩ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ጎረምሶቹን ሰደቡ፤ ጆንያ የተሳሳተ ቦታ ያስቀመጠን ሰው አካፋ ቀሙት፤ በመጨረሻ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ደመናውን ሳይቀር ተቆጡት። እንደዚያ ቸኩለው አይቻቸው አላውቅም። ባለቤቴ ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ጠይቅልኝ እስቲ፣ በእናታቸው በኩል ጎጃሜ ይሆኑ እንዴ?» አለችኝ።

ተርሱ ከእኛ በላይ በኩል ተሰበረ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። ውሃው ሲመጣ እንደፈራሁት አልጮኸም። በየበሩ ሥር ዝም ብሎ ገባ፣ እንደ ቤተ ዘመድ። እኔና ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን ለሁለት ተሸክመን ከፍ ያለው መንገድ ላይ አወጣናት። ከዚያ ተመልሰን የኡስታዝ ቤት ገባን። ሐጃ ልብሳቸውን በአንሶላ ጠቅልለው፣ የፉል ድስታቸውን አንጠልጥለው ለመሄድ ተሰናድተዋል። ኡስታዝ ግን መጽሐፎቻቸው መካከል ቆመው የትኛውን እንደሚያነሡ ጠፍቷቸዋል። አንዱን ያነሣሉ፣ ያስቀምጡታል፣ ሌላ ያነሣሉ። ውሃው ጉልበታችን ደረሰ።

ያኔ በማስተማሪያነት ሲጠቀሙባት የኖሩት ትልቅ የዓለም ሉል ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለችና እየተሽከረከረች በበሩ ወጣች። ኡስታዝ «ዱንያ!» ብለው ጮኹ። ዓለም ማለታቸው ነው። ዓለምም መንገዱን ይዛ ተንሳፈፈች።

ባለቤቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተከተለቻት። የጎረቤት አጥር ጋ ደርሳ ያዘቻትና በብብቷ ሥር ይዛ ተመለሰች።

«ኡስታዝ» አለቻቸው፣ ሕፃን እንደምታባብል በለሰለሰ ድምፅ፣ «መጽሐፉን እኛ እናወጣዋለን። እርስዎ ይቺን ይያዙና ከሐጃ ጋር ወደ መንገዱ ይውጡ። ቀስ ብለው፤ መሬቱ ያዳልጣል።»

ሉሏን አቅፈው ወጡ። እንደዚያ ታዛዥ ሆነውም አይቻቸው አላውቅም።

ውሃው እስኪጎድል ከፍ ያለው አስፋልት ዳር ሸራ ወጥረን ከረምን። የሁለታችንም ቤተሰብ አንድ ሸራ ሥር ነበር። ሐጃ ፉል ይቀቅላሉ። የመጀመሪያ ጠዋት ባለቤቴ ጾም መሆኑን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት፣ ሐጃ አይብ ያልገባበትን ድርሻ ለብቻው በሰሊጥ ዘይት ለውሰው አቀረቡላት። ለካስ ከዓመት ዓመት የምንጾምበትን ጊዜ ያውቁት ኖሯል። ባለቤቴ እንባዋ መጣና ሽንኩርቱን አመካኘች። ሽንኩርቱ ገና አልተከተፈም ነበር።

ኡስታዝ ለጥቂት ቀናት ማስተማሩን ተዉ። ይህ ከጎርፉ በላይ አስፈራኝ። ሻይ ይዤላቸው ሄድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከፊታችን የሰፈራችን ጣሪያዎች በቀይ ውሃ ተከበው ቆመዋል።

«ኡስታዝ፣ ያ ትምህርት ምን ሆነ? ገደሉና ሜዳው?»

ሻያቸውን አማሰሉ። «ትምህርቱ የተዘጋጀው ደረቅ ቦታ ላይ ነው» አሉ። ከዚያም ባለቤቴን በአገጫቸው እያመለከቱ «እሷ ለምን አልጮኸችም?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም። ለክር የምትጮኸውን ያህል ለጎርፍ አትጮኽም።»

«እኔ ደግሞ ለክር ጮኼ አላውቅም» አሉና ሳቁ። ስለ ራሳቸው ሲስቁ ጥርሳቸው ሁሉ ይታይ ነበር።

በዚያ ሸራ ሥር ሆኜ ነው ገመዱ መኖሩን በራሴ መንገድ ያመንኩት። በእናቴ ማሳ ላይ የዘነበው ዝናብ እኔን ከሐጃ ድስት አጠገብ አስቀመጠኝ። ውሃው ባይመጣ ሐጃ ጾማችንን እንደሚያውቁ መቼ እናውቅ ነበር? ኡስታዝ ያልተሳካላቸው ገመዱን ይዘው የእያንዳንዱን ሰው ጠባይ እንደ ካርታ ሊያነቡበት ሲሞክሩ ብቻ ነው።

ውሃው ሲሄድ የሰፈሩ የጭቃ ቤት ብዙው ፈርሶ ቆየን። የእኛ ተረፈ። በሁለታችን ግቢ መካከል የነበረው ግድግዳ ግን ሟሙቶ መሬት ሆኗል። ጎረምሶቹ በነፊር ሊሠሩልን ጭቃ አቡክተው መጡ። ግድግዳው ወገብ ሲደርስ ሐጃ ከጓዳ ወጥተው ቆሙ።

«ነፋጅ ይተውለት» አሉ።

ነፋጅ በጎረቤታሞች ግድግዳ መካከል የሚተው ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ሴቶቹ መንገድ ሳይወጡ ይገናኙበታል። ጎረምሶቹ ባለቤቴን አዩ። ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ሄዳ በክንዷ ስፋቱን ለካችና «ድስት ይዤ ነው የማልፈው፤ ትንሽ ሰፋ አድርጉት» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች እዚያ በኩል ሲመላለሱ ይውላሉ። ኡስታዝ ግን የሴቶች መንገድ ነው ብለው እሺ አላሉም። በዋናው መንገድ ዞረው መጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በራችንን ያንኳኳሉ። ባለቤቴም ከስፌቷ ቀና ሳትል «ይግቡ፣ ክፍት ነው» ትላቸዋለች።